ቲሆሚር ቅዳሜ ቅዳሜ የት ይሄድ ነበር?

ያስና ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻቸውን ይዞ መጥፋት ሲያበዛ ነው። «ወንዝ ዳር ላናፍሳት» ብሎ ይወጣል፤ ግማሽ ቀን ቆይቶ ይመለሳል። ዡያ የምትባለው ወርቃማዋ ሪትሪቨራቸው ድራቫ ወንዝ ደርሳ ጭቃ ሳትለብስ የምትመለስ ውሻ አልነበረችም። አሁን ግን እግሯ ደረቅ፣ አንገቷ የሴት ሽቶ የሚሸት ሆነ።

ቲሆሚርም እንደ ድሮው አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሯት ሲስቅ የኖረ ሰው፣ ስታወራው ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

በግንቦት ቫራዥዲን ከተማ ወደሚደረገው የሪትሪቨር ውሾች በዓል ልሄድ ነው ሲላት «እኔም እመጣለሁ» አለች። መንገዱ ረጅም ነው፣ ሙቀቱ አይቻልም፣ ይሰለችሻል እያለ ምክንያት ደረደረ። ምክንያቱ በበዛ ቁጥር እሷም ባሰባት።

ከሚኖሩበት ከኦሲየክ በጠዋት ወጡ። የምትነዳው እሷ ናት። እዚያ የምታውቀው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ቲሆሚር በመስኮቱ የበቆሎ ማሳውን ማየቱን ቀጠለ። ዡያ ከኋላ ትከሻውን በአፍንጫዋ ገፋ ስታደርገው ብንን አለ።

«ምን አልሽኝ?»

«ምንም።»

መንገድ ላይ ቪሮቪቲትሳ ከተማ ቆመው ዳቦ በቋሊማ ሲበሉ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ስልኩ በራ። ያስና ሰርቃ አነበበች። «ዛሬ እንዳትቀር። ዡያ ዝግጁ ናት፤ አንተም አትፍራ። ኔቨንካ።»

ዳቦዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ነገሩን በሆዷ ይዛ እስከ ቫራዥዲን ነዳች።

ሜዳው በውሻ ተሞልቷል። ዡያ ገመዷን አስለቅቃ አጭር ጸጉር ወዳላት ሴት በረረች፤ እግሯ ሥር ተንከባለለች። ያስና ስትጠጋ ያው ሽቶ አፍንጫዋን መታት።

ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች። «ኔቨንካ እባላለሁ። አንቺ ያስና ነሽ፤ ድምፅሽን በደንብ አውቀዋለሁ።»

«ድምፄን ከየት ያውቁታል?» አለች ያስና፣ አንቱታውን እንደ አጥር አቁማ።

ኔቨንካ ወደ ቲሆሚር ዞረች። «አልነገርካትም እንዴ?»

በዚያ መሐል የቲሆሚር ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ ተጠራ። ዡያ ሮጣ መጥታ ጉልበቱን ነካችውና ድምፁ ወደመጣበት አቅጣጫ አየች። ያኔ ብቻ ቀና አለ።

ያስና ይህን አይታ ወደሱ ተጠጋች።

«ጆሮዬ እየሄደ ነው» አላት። «የግራው ጨርሷል። የቀኙም ብዙ አልቀረው።»

ኔቨንካ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ውሻ የምታሠለጥን ሴት ነበረች። የዡያ ፈተና ዛሬ፣ እዚሁ በዓሉ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያሠለጠነቻትም ቲሆሚር ተደብቆ በቀዳው የያስና ድምፅ ነው፤ ያስና ከወጥ ቤት ባሏን ስትጣራ።

«ሌላው ድምፅ ይቅርብኝ» አለ ቲሆሚር። «አንቺ ስትጠሪኝ ግን እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»

ያስና ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ግማሹ የንዴት ነበር። «ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ከሌላ ሴት ጋር ሳስተኛህ ከረምኩ እኮ። ምናለ ብትነግረኝ?»

«አባቴ ሲደነቁር እናቴ ለሱ ከጩኸት በቀር ቃል አልቀራትም። የሚያወሩት ነገር ሁሉ እዚያ ላይ አበቃ። እኛም እንደነሱ እንዳንሆን ፈራሁ።»

«እኔ እናትህ አይደለሁም።»

የፈተናው ዳኛ መጥታ የተቀዳውን ድምፅ እንዲያዘጋጁ ነገረቻቸው። ያስና ተነሥታ እንባዋን ጠረገች፤ ቅጂው አያስፈልግም፣ እኔው እጠራዋለሁ አለች።

ቲሆሚር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ያስና ሃያ እርምጃ ራቀች። አልጮኸችም። ትራስ ላይ ሆና እንደምታወራው ቀስ ብላ «ቲሆ...» አለች።

ዡያ ጆሮዋን አቆመች፤ ሄዳ መዳፉን በአፍንጫዋ ነካች። ቲሆሚር ዞረ፤ ውሻዋን ተከትሎ ሚስቱ ፊት እስኪደርስ መጣ።

«ጠራሽኝ?» አላት።

ከንፈሯን እንዲያይ ፊቷን ቀና አደረገች። «አዎ» አለችው፣ እጁን ይዛ። «ናፍቀኸኝ ነው።»