የመሪጌታ ደምሌ አምስት ፊደላት

እስከ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ድረስ በእስቴ ኳስ በዱላ የሚመታው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በገና፣ ያውም መሬት ለመሬት ነበር። በ፲፱፻፶፱ ጥር ወር አንድ የሰላም ጓድ መምህር ወደ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት መጥቶ ኳስን ወደ ሰማይ መምታት አስተማረ። እሱ በሰኔ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ቤዝቦል ግን ከልጆቹ ጋር ቀረ። የሩቁን ሜዳ የሚጠብቁ ሦስት ልጆችን የመምረጡ ሥራ ለግብረ ገብ መምህሩ ለመሪጌታ ደምሌ ተሰጠ። የሚመረጡት ጎንደር ሄደው ይወዳደራሉ፤ በዚያውም በአዳሪነት ይማራሉ። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ብቻ አልነበረም። በጥቅምት ፲፱፻፷፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ከተማው ሁሉ ገበያ በዋለበት ሰዓት፣ መሪጌታ ደምሌ በሜዳው ዳርቻ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር፣ ማጅራታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ።

መቶ አለቃ አያሌው እሑድ ጧት ከደብረ ታቦር በጭነት መኪና ሲደርስ ሰው ታስሮ ጠበቀው።

«ገዳዩን ይዘነዋል ጌታዬ» አለ አሥር አለቃው። «አበጀ ይባላል፤ ሞፈር ጠራቢ ነው። የተመቱበትን የወይራ ዱላ የጠረበው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንትም በሕዝብ ፊት ‹ልጄን ጥጋቡን ከጣሉት ወዮልዎ› ብሎ ዝቶባቸዋል።»

«የትምህርት ቤቱን ዱላ ሁሉ የጠረበው ማን ነው?»

«እሱው ነው።»

«እንግዲያ በዚህ ግቢ ማንም ማንንም ቢመታ በአበጀ ዱላ ነው።»

አሥር አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል። አብሮ እንዲሄድ ወረቀቱ ተጽፏል።»

የአበጀ ሚስት ማሬ ከጣቢያው በር ላይ መንገዱን ዘግታ ቆማ ነበር። «ጌታዬ! የባሌ አፉ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም። ሲቆጣ ከበሬውም ጋር ይጣላል! በሰንሰለት ከዚህ ወጥቶ በደኅና የተመለሰ አንድ ሰው ያሳዩኝና ዝም ልበል!»

አያሌው የሚያሳያት ሰው አልነበረውም። ያ ነገር ከመንገዱ አቧራ ይልቅ አንገበገበው። «ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው» አላት።

አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ገና አልወጣም ነበር። አያሌው መግነዙን አስፈትቶ አየ። ምቱ አንድ ነው፤ ከኋላ ነው። በእጆቻቸው ላይ የመከላከል ምልክት የለም። ከዛተበት ሰው ጋር ብቻውን ቆሞ ጀርባውን የሚሰጥ ማን አለ? መሪጌታ ያልፈሩት ሰው ነው የመታቸው።

ልጃቸው ወለተ ጊዮርጊስ ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ አቀፈችው እንጂ አላለቀሰችም። «ከጎናቸው፣ ካቡ ላይ ነበር» ብላ ሰጠችው። ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። አምስት ስም፣ በየስሙ ትይዩ አንድ አንድ ፊደል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ጥጋቡ፣ ሀ። የወገዳው ውበቱ፣ አ። ገላዬ፣ ደ። የንፋስ መውጫው ፈንቴ፣ በ። ላቀው፣ ገ።

«ወረቀቱ እዚሁ ነበር?»

«እዚሁ። እሱ ነው የገረመኝ። አባቴ ወረቀት ከዕልባታቸው ሌላ ቦታ አያኖሩም ነበር።»

የቀዩ ክር ዕልባት መዝሙር ፻፲፰ ላይ ነበር። አያሌው ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«ምርጫውን ለማን ነገሩ?»

«ለእኔም ለማንም አልነገሩ። ‹ሰኞ በሰልፍ ላይ ይሰሙታል› ነው ያሉኝ። አባቴ እጅ አያዩም ነበር፤ እግር ነው የሚያዩ። ‹ዱላው ሳይጮኽ የተነሣ እግር የእኔ ነው› ይሉ ነበር። አንደኛውን በመካከል፣ ሁለተኛውን በግራ፣ ሦስተኛውን በቀኝ ሊያቆሙ ነበር። ደግሞም ‹የገና ልጅ ኳስን ከመሬት ይጠብቃል፤ ቀና የሚል ብርቅ ነው› እያሉ ተተኪ ፍለጋ ወገዳ ድረስ በበቅሎ ሄደዋል።»

ሜዳው ላይ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ዘንጋቸውን ተክለው አፈሩን ሲያዩ አገኛቸው።

«የአባቴ ርስት ነው!» አሉት ሰላምታውን ሳይቀበሉ። «ገብስ የሚያበቅለውን መሬት ልጆች ሰማይ ሰማይ እያዩ ይረግጡታል! ሜዳዬን መልሱ እያልሁ ጮኼአለሁ፤ ነገም እጮኻለሁ። ደምሌን ግን እኔ ልግደለው? ከአንድ የኔታ እግር ሥር ፊደል የቆጠርን ነን!»

«ትናንት ቀትር የት ነበሩ፣ እመቤቴ?»

«ገበያ፣ በሬ ሳማርጥ። መቶ ምስክር አለኝ። ግማሹ ጠላቴ ነው፤ እሱም ቢሆን አይክደኝ!»

የስፖርት መምህሩ ሞላ በዕቃ ቤቱ ዱላዎቹን በቁመታቸው ሲደረድር ነበር። ካፖርቱ ንጹሕ ነው፤ ንግግሩም እንደ ካፖርቱ።

«ወንድምህ ላቀው ከአምስቱ አንዱ ነው አሉኝ።»

«ነው። አባት የለንም፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»

«ምርጫውን ታውቅ ነበር?»

«ሰኞ ትሰማላችሁ ተባልን። እየጠበቅሁ ነበር።»

«መሪጌታ ለዚህ ሥራ ዐዋቂ ነበሩ?»

ሞላ የያዘውን ዱላ አስቀመጠ። «ሙት አይወቀስም። ግን ዱላ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስፖርት የተማርሁት እኔ፣ ዳኛው እሳቸው!» ድምፁ እየጋለ ሄደ። «ኳስ ሲመጣበት ዐይኑን የሚጨፍነውን ጥጋቡን ከሁሉ በላይ ያስቀመጠ ሰው ዐዋቂ ይባላል?»

«ልጁ አንደኛ ከሆነ አበጀ ለምን ይገድላቸዋል?»

ሞላ ዱላውን መልሶ አነሣ። «አበጀ ማንበብ አይችል። በምን ያውቃል?»

«እውነትህን ነው» አለ አያሌው፤ ሌላ አልጠየቀውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም በአንድ ክፍል ሰበሰባቸው፦ ርእሰ መምህሩን፣ ወይዘሮ ሐረገ ወይንን፣ ወለተ ጊዮርጊስን፣ ማሬን፣ በሰንሰለት ያለውን አበጀን፣ ሞላን፣ ከጎኑም ወንድሙን ላቀውን። አምስቱን ስሞች ከነፊደላቸው በሰሌዳው ላይ ጻፈ።

«ርእሰ መምህር፣ ሦስቱ የተመረጡት እነማን ናቸው?»

ሰውየው በጣቱ እየቆጠረ አነበበ። «ሀ፣ ጥጋቡ። በ፣ ፈንቴ። አ፣ ውበቱ። ከዚያ ደ ይመጣል። ገ መጨረሻ ናት።»

«ኧረ አፈር ብላ!» አሉ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። «ይኸን ያህል ልጅ የምታስተምር ነህ? በጥንቱ ተራ አበገደ ነው እንጂ! አ፣ ውበቱ። በ፣ ፈንቴ። ገ፣ ላቀው። ደ ውጭ ነው፤ ሀ መጨረሻ።»

አያሌው ዳዊቱን ከዕልባቱ ላይ ገለጠ። «መዝሙር ፻፲፰። ክፍሎቹ በፊደል ተራ ይጠራሉ፦ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ፣ ሄ። መሪጌታ ወረቀታቸውን ያስቀመጡት መፍቻው ካለበት ገጽ ላይ ነበር። አንድ ሰው ግን አውጥቶ አነበበውና ሲመልሰው ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አኖረው። ማን ነው?

«አበጀ አይደለም፤ ማንበብ አይችልም፣ መሪጌታም ጀርባቸውን አይሰጡትም። ወይዘሮ ሐረገ ወይንም አይደሉም፤ ከገበያ አልወጡም፣ ወረቀቱን ቢያዩትም በትክክል ያነቡት ነበር። ያነበበው በሀለሐመ ብቻ የሚቆጥር ሰው ነው። ርእሰ መምህሩም እንዲያ ይቆጥራሉ፤ ግን ወረቀቱን ዛሬ ነው ያዩት። መምህር ሞላ ግን ጧት ‹ጥጋቡን ከሁሉ በላይ አስቀመጡ› አለኝ።»

«ወሬ ሰምቼ ነው» አለ ሞላ።

«እውነቱን ከወሬ መስማት ይቻል ነበር። ስሕተቱን ግን ከዚህ ወረቀት በቀር ከየትም አታገኘውም። መሪጌታ ጥጋቡን አንደኛ ብለው አያውቁም፤ ለማንም ሊነግሩት አይችሉም። ደግሞ ‹አበጀ ማንበብ አይችል› ስትለኝ፣ ምርጫው በጽሑፍ መሆኑን እኔ አልነገርሁህም።»

ላቀው ወደ ወንድሙ ዞረ። «ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ተመርጬ ነበር?»

ሞላ ሰሌዳውን ዐየ። የሦስተኛዋን ፊደል ቦታ በዐይኑ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ጩኸቱ እንደ ደራሽ ወንዝ ወጣ።

«ወረቀቱን አየሁና ለምን እንደዚያ አደረጉ ብዬ ጠየቅኋቸው! ‹ለላቀው የሚገባውን ሰጥቼዋለሁ› አሉኝ። እየሳቁ! እየሳቁ አሉኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ!»

ቀኑን ሙሉ ድምፁን ያላነሣው አያሌው ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

«ደስ ብሏቸው ነው የሳቁት! አንድ ቃል ብትጠይቃቸው ምን ነበር? ‹ገ ስንተኛ ናት› ብትል! የሦስት ዓመት ሕፃን የሚጠይቀውን መጠየቅ ነውር ሆኖብህ ሰው ገደልህ!»

አያሌው አሥር አለቃውን በጣቱ ጠራው። ሰንሰለቱ ከአበጀ እጅ ወደ ሞላ እጅ ሲዛወር ማሬ አሥር አለቃው እግር ሥር ትፍ አለች።

«ባሌን ጠይቀኸው ቢሆን» አለችው፤ «እኔም ማንበብ አልችል፤ ግን መጠየቅ እችላለሁ!»

አበጀ የተላጠ እጁን እያሻሸ ወለተ ጊዮርጊስ ፊት ቆመ። «ልጄ ዐይኑን እንደሚጨፍን ዐውቃለሁ፤ አባትሽን የተቆጣሁት ይህን ስላወቁብኝ ነው» አላት። ራሷን ዝቅ አደረገችለት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ሄደ።

ሰኞ ጧት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ሊያነብ ሲል ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወደ ፊት ወጥታ ተቀበለችው። በሰልፉ ውስጥ ከላቀው አጠገብ የቆመ ልጅ አልነበረም። የአባቷን ጽሕፈት አንድ ጊዜ ዐየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«በመካከል፣ ውበቱ። በግራ፣ ፈንቴ። በቀኝ፣ ላቀው።»