ለሉዋል የተዳረችው

ጋምቤላ ውስጥ ቀጣፊ ቢፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው እኔ ጀምስ ነኝ። አልክድም። ይሄኛውን ግን ማል ካላችሁኝ እምላለሁ... ደርሶብኛል።

ቀን ስምንት ሰዓት። ባሮ ድልድይ አጠገብ። ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሙቀት።

አጥኚዎች የአንጎል ፎቶ የሚያነሳ ማሽን በትልቅ መኪና ጭነው መጥተዋል። ትዝታ እንዴት ዕድሜ ልክ እንደሚቆይ ነው የሚያጠኑት። የድሮ ነገር ትነግራቸዋለህ፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ተኝተህ እሱን ታስባለህ፣ እነሱ በስክሪን ያያሉ።

አስተርጓሚያቸው ጓደኛዬ ጋትኬክ ነው።

"ዛሬ እንኳ እውነት ተናገር፣ አንተ ቀጣፊ" አለኝ።

እኔ ደግሞ ፈጠርኩ። ሉዋል የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ፣ ግራ ጆሮው የተተለተለ፣ ሚስት ሳያገባ ባሮ በላው አልኩ።

እናቴ ከእኔ ሌላ አልወለደችም።

ከማሽኑ ስወጣ ጋትኬክ አይስቅም።

"ጀምስ..." አለ በሹክሹክታ። "አዲስ ነገር አንጎል መሃል ላይ ነው የሚበራው። የቆየ ትዝታ ወደ ላይኛው ሽፋን ይወጣል። የሉዋል እዚያ ነው... ሥር ሰዷል።"

"ማሽናችሁንም ሸወድኩታ።"

ቤት ስደርስ እናቴና እጮኛዬ ኛኬር ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። በማግስቱ የጥሎሽ ከብቷ ሊነዳ ነው።

"ከብቱ በሉዋል ስም ይነዳ" አለች እናቴ።

እኛ ኑዌሮች ዘንድ ታላቅ ሳያገባ ከሞተ፣ ታናሽ ሚስት የሚያገባው ለእሱ ነው። ሚስቲቱም ልጆቿም የሟቹ ይባላሉ።

"ማማ፣ የምን ሉዋል? እኔ ወንድም የለኝም።"

"ቀስ በል... በዚያ በተተለተለ ጆሮው ይሰማሃል።"

ላቤ ደረቀ። ስለ ጆሮው ከማሽኑ ሰዎች በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ኛኬርን አየኋት። "ንገሪያት እንጂ።"

"እኔ ድሮም የሉዋል ነኝ። አታውቅም እንዴ?"

ሮጬ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ሉዋልን ከአንጎሌ አጥፉልኝ አልኩ። ውሸት ነው አልኩ።

ጋትኬክ ራሱን ነቀነቀ። "ማሽኑ ያያል እንጂ አይነካም። ደግሞ ለምን ትክደዋለህ? እኔ ራሴ አብሬው ዋኝቻለሁ።"

ኛኬር ለሉዋል ተዳረች።

ሴት ልጅ ወለድን፣ ኛዱዎፕ። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። አባዬ በይኝ ስላት ፈርታ እናቷ ጋ ትሮጣለች።

አንዳንዴ... እኔም ሉዋል ዋና ሲያስተምረኝ ትዝ ይለኛል።

ትናንት በባለሱቁ ሱሌማን ደጃፍ ሳልፍ፣ "ሉዋል፣ ማሌ" ብሎ ሰላም አለ። እኔን አላየኝም። ከእኔ አልፎ ነው የሚያየው።

ዞርኩ።

ኛዱዎፕ ብቻዋን መንገዱን ይዛ ትሄዳለች። አንድ እጇ፣ ረጅም ሰው እንደያዘው ሁሉ፣ ወደ ላይ ተወጥሯል።

ተረከዟ... መሬት አይነካም።