ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ቀለም

«ሲደርቅ ይመሳሰላል» አለች እመቤት።

ውብአለም ጣቷን ቀስ አድርጋ አሳረፈችበት። ደርቋል። እንዲያውም ከደረቀ ቆይቷል! ከአልጋዋ በላይ የቀባችው ሰፌድ የሚያህል ቦታ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ አፍጥጦባታል። የቀረው ግድግዳ ግን ሰማያዊ ነው ሲሉት ግራጫ፣ ግራጫ ነው ሲሉት ሰማያዊ የሚሆን፣ ስም ለማውጣት የሚያስቸግር ቀለም ነው። በሩን ከፍቶ ለሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚታየው አዲሱ ቀለም ነው።

«ተበላን» አለች ውብአለም።

«አንች ደግሞ፣ አታካብጂ!»

ሁለቱ ከእብናት መጥተው፣ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይተው የሚማሩ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ስንቃቸው በየሳምንቱ በሚኒባስ ይላክላቸዋል፤ ሽሮውም፣ በርበሬውም፣ ምክሩም። አከራያቸው እትዬ አሰለፈች ቤቱን የሰጧቸው ዕለት «ምስማር አትምቱ፣ ከሰል አታጭሱ፣ ግድግዳዬን አደራ» ብለው ነበር። አደራው የዋዛ አይደለም። ከነሱ በፊት የነበሩትን ልጆች ያስወጧቸው አንዲት ምስማር ስለመቱ ነው። የውብአለም አባት ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ጨመሩበት፤ «ከዚያ ቤት ከተባረርሽ በዓመቱ አጋማሽ ሌላ ቤት ፍለጋ አልንከራተትም። አገርሽ ትገቢያለሽ።» አገር መግባት ማለት ትምህርት ማቆም እንደሆነ አባትም ልጅም ያውቁታል።

ጥፋቱ የመጣው በቅቤ ነው። ለጥምቀት አገሯ ስትሄድ እናቷ «ምነው ራስሽ እንዲህ ደረቀ!» ብላ ጸጉሯን በለጋ ቅቤ ለቀለቀቻት። ውብአለም ደግሞ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጋ ማጥናት ትወዳለች። ሻሿንም ጆሮዬን ይጫነኛል እያለች ትፈታዋለች። አንድ ቀን ዞር ብላ ስታይ ግድግዳው ላይ የራሷን ቅርጽ የያዘ ወዛም እድፍ አገኘች። በሳሙና ስታሸው ሰፋ። በአመድ ስታሸው ባሰበት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እትዬ አሰለፈች የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ባሕር ዳር ሄደዋል። ከዚያ ደውለው «ቤቴ እንዴት ነው?» ሲሉ ስልኩን ያነሳችው እመቤት ደነገጠች። ስትደነግጥ ደግሞ አፏ ይቀድማታል። «ይሻው በወዲያ በኩል ውሃ እያፈሰሰ ግድግዳው ተበላሸ» አለቻቸው።

ይሻው ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤታቸው ነው፤ ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተና የሚወስድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ውሃ አፍስሶ አያውቅም። እትዬ «ቆይ፣ ቅዳሜ መጣሁለት!» ብለው ስልኩን ዘጉት።

«ለምን ዋሸሽ?» ብላ ጮኸችባት ውብአለም።

«ላንች ብዬ ነዋ! ደግሞ ግድግዳው እንደነበረ ከሆነ ማን ምን ይላል? ‹ውሃው ደረቀ፣ ምንም አልሆነም› እንላቸዋለን። አለቀ።»

እንዲህ ሆኖ ነገሩ ሁሉ ቀለሙ ላይ ተንጠለጠለ። ግድግዳው የተቀባው ቆርቆሮው ላይ የወፍ ምልክት ባለው፣ ባለ ወፉ በሚባለው ቀለም ነው፤ ባለ ወፉ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ቀለም ሻጩ ጋሽ ዘውገ የሌሎች ፋብሪካዎችን ካታሎግ ዘርግተው አሳዩዋቸው። አንዱ ፋብሪካ ግራጫ ሰማያዊ ብሎ የሰየመው ቁርጥ አመድ ነው፤ ሌላው በዚያው ስም ሐምራዊ አምጥቶ ቁጭ አድርጓል።

«ስሙን ተዉትና ከግድግዳው ትንሽ ልጣጭ አምጡልኝ። እሱን እያየሁ ባለ ኮከቡን እበጠብጥላችኋለሁ» አሉ ጋሽ ዘውገ።

ልጣጩ ከየት ይምጣ? የተላጠው ቦታ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ዘዴውን ያገኘችው እመቤት ናት። እትዬ ራሳቸው የሰቀሉት የማርያም ሥዕል አለ፤ ከጀርባው ማን ያያል? ውብአለም አማትባ ሥዕሉን አወረደችና በምላጭ ጫፍ ትንሽ ላጠች። ጋሽ ዘውገም በጠበጡ፣ ጠብታዋን ልጣጩ ላይ አድርቀው አዩ፣ ቁርጥ ራሱ ሆነ። ብሩሽ ያዋሳቸው ይሻው ነው። ለምን እንደፈለጉት እንኳ አልጠየቃቸውም፤ «ስትጨርሱ እጠቡት» ብቻ ነው ያለው።

አሁን ውብአለም ከግድግዳው ፊት ብዙ ቆየችና ድንገት ሥዕሉን አነሳችው። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ዛሬ ከቀባችው ጋር አንድ።

«እመቤት፣ ቀለሙ እኮ አልተሳሳተም» አለች። «ፀሐይና አቧራ ያልነካውን ነው ለጋሽ ዘውገ የወሰድንላቸው። የቀረው ግድግዳ ደብዝዟል።»

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት መልስ ከበሩ ሥር ሌላ ልጣጭ ይዘው ሄዱ። ባለ ኮከቡ አልቆ ስለነበር ጋሽ ዘውገ በባለ ዋንጫው በጠበጡላቸው። የመጀመሪያውን ለመሸፈን ሰፋ አድርገው ቀቡት። ቀለሙ በእርግጥ ተመሳሰለ፤ ግን ባለ ዋንጫው ያብለጨልጫል። መስኮቱ ሲከፈት የተቀባው ቦታ ብቻ እርጥብ መስሎ ያበራል። መሐሉ ላይ ደግሞ የቅቤው ወዝ ከሥር ብቅ ማለት ጀምሯል። ሰፌድ ያህል የነበረው አሁን ቁርበት አክሏል።

ውብአለም አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። በቀባች ቁጥር ክፍሉ የሚጠብባት መሰላት። እውነቱን ብትናገር ትወጣለች። ዝም ብትል ይሻው ይወጣል። ግድግዳውን እንደነበረ ማድረግ ደግሞ እንደማትችል አሁን ገብቷታል። ከወዲያ በኩል ይሻው የፊዚክስ ቀመር ጮክ ብሎ ይሸመድዳል፤ ይሳሳትና እንደገና ይጀምራል። ጆሮዋን ብትደፍነውም ይሰማታል።

እትዬ አሰለፈች በቀጠሩት ቀን አልመጡም። ከዚያ ቀድመው፣ ማንም ሳያስብ ከተፍ አሉ። ዘንቢላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ በቀጥታ ወደ ይሻው በር ሄዱ። ውብአለምና እመቤት ክፍላቸው ውስጥ መስኮቱ ሥር ተለጥፈው ያዳምጣሉ።

«ዕቃህን ሰብስብ!»

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«ውሃ እያፈሰስህ ቤቴን ልትንድ ነው እንዴ? ልጆቹ ነግረውኛል!»

«ኧረ በማርያም! እኔ ጠብታ አላፈሰስሁም። ደግሞ የፈተና ዓመቴ ነው፣ አሁን የት እገባለሁ?»

«እሱን ውሃውን ስታፈስ ማሰብ ነበር!»

እመቤት የውብአለምን ክንድ ጭምቅ አደረገችው። «ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «እሱ ወንድ ነው፣ የትም ተጠግቶ ያድራል። አንች ብትወጪ ግን አባትሽ…»

አልጨረሰችውም። እውነቷን ነው። ውብአለምን ያናደዳትም እውነቷን መሆኑ ነው።

ይሻው «እሺ እትዬ፣ መጻሕፍቴን ልሰብስብ» ሲል ተሰማ።

እሺ! ውብአለም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይሻው ተከራክሮ እንዲረታ እየጠበቀች ነበር። እሱ ከረታ እሷ መናገር አያስፈልጋትም። አሁን ግን እሺ አለ። ማንም ያላመነው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይላል? በራሷ አፈረች፤ ፊቷ እስኪግል ድረስ አፈረች።

ክንዷን ከእመቤት እጅ አስለቅቃ በሩን ከፈተች።

«እትዬ፣ ውሃ አይደለም» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ። «የኔ የራስ ቅቤ ነው።»

እትዬ አሰለፈች ዘንቢላቸውን እንደያዙ ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«ተደግፌ ሳጠና ቅቤዬ ነው ያበላሸው። ይሻው የለበትም። ውሃ ነው ያልንዎት ውሸት ነው። እንዳይታይብኝ ብዬ ቀለም ቀባሁበትና ጭራሽ አበላሸሁት።»

ይሻው መጻሕፍቱን በደረቱ እንዳቀፈ በሩ ላይ ቆሟል። እትዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም፤ ይቆጡ ይሁን ይዘኑ አልታወቀም። ውብአለም ስለ አባቷ አሰበች። በሚቀጥለው ሚኒባስ ምናልባት ከስንቁ ባዶ ጆንያ ጋር እሷም ተመላሽ ትሆን ይሆናል።

«እስቲ ልየው» አሉ እትዬ።

ውብአለም ቀድማ ገባች። እመቤት ነጠላዋን ግራና ቀኝ ዘርግታ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ዓይኖቿ እንባ ሞልተው «ተይ» ይላሉ። ከኋላ የእትዬ አሰለፈች እግር ደፉን ሲሻገር ተሰማ።

«እመቤት፣» አለች ውብአለም ቀስ ብላ፣ «ዞር በይላቸው።»