ዘጠኝ ማንኪያ ሚጥሚጣ

ዶክተር ሐብታሙ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ክፍል ቁጥር ስድስት ውስጥ ነበር። አልጋው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። አፉ እስከ ከንፈሩ ድረስ በሚጥሚጣ ተሞልቷል።

ኢንስፔክተር ንጋትወርቅ በሩ ላይ ቆም አለች። በከተማው ፖሊስ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ የጩቤም የጥይትም ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ገጥሟት አያውቅም። ጓንቷን አጥልቃ ገባች።

የሆቴሉ ባለቤት ከድሩ ከወሎ መጥቶ አዋሽ ላይ የሸበተ ሰው ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ይጨመድዳል።

«ወላሂ እቱ፣ ምንም አልሰማሁም። ያ ከአውቶቡስ የቀረው የቀን ሠራተኛ ‹ባንኳኳም አይከፍቱም› ብሎ ቢጠራኝ ነው በትርፍ ቁልፍ የከፈትኩት።»

«ከሰዓት በኋላ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ዙሁር ሰግጄ ጋደም ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ በዚህ ሙቀት ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ከሟቹ ጋር የመጣው ሌላኛው ዶክተር ወተት ስጠኝ ብሎ ቀሰቀሰኝ፤ ሰጥቼው መልሼ ተኛሁ።»

ንጋትወርቅ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። የሟች ዓይን አላነባም፤ አፍንጫው ውስጥም ቀይ ነገር የለም። ትራሱ አልጋው ግርጌ ወድቋል። ምራቅና ጥቂት ደም ነክቶታል፤ ሚጥሚጣ ግን አልነካውም። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ላይ ቀይ ዱቄት ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ስልክ መስታወትም ላይ እንደዚያው።

ሐብታሙ ሰመራ የሚገኝ የአንድ የግል ጥናት ማዕከል ተመራማሪ ነበር። የሰው ልጅ ለምን ጨካኝ እንደሚሆን ያጠናል። ከባልደረባው ከዶክተር ፍቅረሰላምና መረጃ ከምትሰበስብላቸው ከሃፍሳ ጋር ወደ አዲስ አበባ ጉባኤ ሲሄዱ ነበር አዋሽ ያረፉት።

ንጋትወርቅ መጀመሪያ የቀን ሠራተኛውን ጠራችው። ፈንታ ይባላል፤ ዱብቲ ጥጥ ሲለቅም ቆይቶ ወደ አገሩ ደላንታ በመመለስ ላይ ነው።

«ቀትር ላይ ዶክተሩ ላይ ስትጮህ ሰው አይቶሃል።»

«ጮኼያለሁ፣ አልዋሽም። ወንድሜ ኡራኤል የሞተው ከእነሱ ጥናት በወጣ ዕለት ነው። አብሮን የሚለቅመውን ታጁን ‹እናቴን ሰድበሃል› ብሎ በአካፋ መታው። ታጁም መልሶ መታው። ወንድሜ ሞተ፣ ታጁ ታሰረ። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም እኒህን ሰውዬ አየኋቸውና ‹እዚያ ክፍል ውስጥ ወንድሜን ምን አላችሁት?› አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«አለቀሱ። ‹አሥር ሰዓት ላይ ና፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ፣ በጽሑፍም እሰጥሃለሁ› አሉኝ። አውቶቡሱን ትቼ ቀረሁ።»

«አንተም በጥናቱ ነበርክበት?»

«ነበርኩ። የምግብ ጣዕም ጥናት ነው አሉን። ‹አብሮህ የሚሠራ ሰው ስላንተ የተናገረው ነው› ብለው አነበቡልኝ፤ የእኔው ‹ጎበዝ ሠራተኛ ነው› ይላል። ከዚያ ለዚያው ሰው በሚቀርብ ወጥ ላይ ሚጥሚጣ ጨምር አሉኝ። ሰውዬው የሚያቃጥል ነገር አይወድም ስላሉኝ ግማሽ ማንኪያ ጨመርኩ።»

«ሚጥሚጣው ለምን ነበር?»

«ለጣዕም ነዋ! ለሌላ ለምን ይሆናል?»

ሃፍሳ ያንኑ ጥያቄ ስትሰማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት።

«ሚጥሚጣው የጭካኔ መለኪያ ነው» አለች። «ማንኪያው በበዛ ቁጥር ሰውዬው ለማጥቃት ተነሳስቷል ማለት ነው። በዕጣ ለግማሾቹ ሙገሳ፣ ለግማሾቹ ስድብ እናነብላቸዋለን። የተናገረው ሰው ግን የለም። ወረቀቱ ሰመራ ቢሯችን ውስጥ የተዘጋጀ ነው።»

«ማን ያነብ ነበር?»

«እኔ።» ሻሿን ከፊቷ ገለጠች። «ኡራኤል ዘጠኝ ማንኪያ ጨመረ። ‹ይህን ያለው ታጁ ነው› እያለ ነበር የሚጨምረው። ሲወጣ ውሸት መሆኑ ሊነገረው ይገባ ነበር፤ ደንቡ ነው። ዶክተር ፍቅረሰላም ‹ለሌሎቹ ያወራል፣ መረጃው ይበላሻል፤ ሁሉም ሲያልቅ እንነግራቸዋለን› አሉ። ማታውኑ ሞተ።»

«የጥናት ጽሑፋችሁ ስለ እሱ ምን ይላል?»

«‹ተሳታፊ ቁጥር አርባ ሰባት ሁለተኛውን ዙር ስላላጠናቀቀ ከስሌቱ ወጥቷል።› ይኼው ነው።»

ንጋትወርቅ ‹አርባ ሰባት› ብላ ጻፈችና ከሥሩ ‹ኡራኤል› የሚል ጨመረች። 

«ዶክተር ሐብታሙ የኡራኤልን መሞት አያውቁም ነበር?»

«ፈንታ እስኪነግራቸው አላወቁም። መስክ የምንወጣው እኔና ዶክተር ፍቅረሰላም ነበርን፤ ዝም በይ ተብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ምሳ ላይ ‹ጥናታችንን ሊያትም ላለው መጽሔት ጽፌያለሁ፣ ጽሑፉ እንዳይወጣ አደርጋለሁ› አሉን።»

«የተረፈው ሚጥሚጣ የት ነው?»

«መኪናው ውስጥ። ቁልፉ እንግዳ መቀበያው ላይ ስለሚንጠለጠል ማንም ሊያነሳው ይችላል።»

«ስምሽ ጽሑፉ ላይ አለ?»

«ምስጋናው ላይ እንኳ የለም።»

ዶክተር ፍቅረሰላም ተረጋግቶ መጣ፣ ተረጋግቶ ተቀመጠ። ቀኝ ዓይኑ ቀልቶ ያነባል።

«አቧራ ነው» አለ በመሐረብ እየጠረገ። «ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የአዋሽ ወንዝ ገደል ዳር ቁጭ ብዬ ወንዙን እያየሁ ነበር።»

ንጋትወርቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አንድ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ ቀኑን ሙሉ ነፋስ አልነበረም።

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«በሙያዬ ልንገርዎት፤ የተበሳጨ ሰው የተበደለበትን ነገር መልሶ መሣሪያ ያደርገዋል። ሚጥሚጣው ራሱ ይናገራል። ያ የቀን ሠራተኛ ነው።» ሰዓቱን አየ። «ነገ መሄድ እችላለሁ? ጉባኤው ላይ ጽሑፍ አቀርባለሁ።»

ሬሳው ገና ከክፍሉ አልወጣም ነበር።

አርብ ጠዋት ሁሉም በሆቴሉ ምግብ ቤት ተሰበሰቡ። ንጋትወርቅ አልተቀመጠችም።

«ሐኪሙ እንዳረጋገጠው ዶክተር ሐብታሙ የሞቱት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ በትራስ ታፍነው ነው» ብላ ጀመረች። «ሚጥሚጣው የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ያነጥስ፣ ያስል፣ ያነባ ነበር። ታዲያ ገዳዩ ለምን ደከመ? በጥናቱ የተጎዳ ሠራተኛ የተበቀለ እንዲመስል ነዋ። ፈንታ፣ በዚያ ጥናት ሚጥሚጣው ምን ነበር?»

«ጣዕም መቅመሻ» አለ ፈንታ ግራ ተጋብቶ።

«ሠራተኞቹ የሚያውቁት ይህንን ብቻ ነው። ሚጥሚጣ የበቀል ምልክት የሚሆነው የጭካኔ መለኪያ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቁት ደግሞ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞተዋል።»

 ከድሩ «ላኢላሃ ኢለላህ» አለ።

«የሟች አውራ ጣትና ስልካቸው ላይ ሚጥሚጣ ነበር። ስልኩ በጣት አሻራ ነው የሚከፈተው። ገዳዩ በቆሸሸ እጁ የሬሳውን ጣት ይዞ ከፈተው። ከዚያም ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ፣ ዶክተር ሐብታሙ ከሞቱ በኋላ፣ በእሳቸው ስም ለመጽሔቱ መልእክት ላከ፤ ‹ቀደም ብዬ የጻፍኩትን ተዉት፣ ጽሑፉ እንዲወጣ ተስማምቻለሁ።› ይህ ጽሑፍ ቢወጣ ማን ይጠቀማል? የሃፍሳ ስም የለበትም። የሁለት ሰዎች ስም ብቻ ነው ያለበት።»

ፍቅረሰላም ፈገግ አለ። «ይህ ግምት ነው።»

«ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ገደሉ ዳር ነበርኩ ብለውኛል። ከድሩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ወተት የጠየቀህ ማነው?»

«ይኼው ሰውዬ ነው፣ ወላሂ!»

«የሚያቃጥለውን ዓይኑን ሊያጥብበት ነበር። በላብ ጊዜ ሚጥሚጣ የነካ እጅ ዓይን ሳይጠርግ አይቀርም። ዛሬ ጠዋት ክፍልህን ፈትሸናል።» ‹እርስዎ› ማለቷን በዚያ አቆመች። «ወተት የሸተተ ፎጣና አምስት ባዶ የሚጥሚጣ ፌስታል ከፍራሽህ ሥር አግኝተናል።»

 ፍቅረሰላም መነጽሩን አውልቆ አጠፈው።

«አልተናደድኩም» አለ፣ ተማሪ እንደሚያርም መምህር። «ይህንን መዝግቢልኝ። ሐብታሙ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ ብሎ የስምንት ዓመት ሥራ ሊቀድ ነበር። በየጥጥ እርሻው ሰው በየወሩ ይጋጫል፣ ይሞታል። ቁጥሩ ላይ ለውጥ አያመጣም ነበር።»

ንጋትወርቅ ካቴናውን አውጥታ ነበር። ልትነካው ግን ተጸየፈች፤ ካቴናውን ለረዳቷ አቀበለችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ ከቧንቧው ሥር እጇን ደጋግማ ታጠበች።

ጽሑፉ ያን ዕለት ጠዋት ታትሞ ወጥቶ ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጆች ለፖሊስ ደብዳቤ «እናጣራለን» ብለው መለሱ። ወር አለፈ፤ አሁንም ይነበባል።

ፈንታ ደላንታ አልሄደም። ታጁ ከእስር ሲወጣ ሊገድለው ለእናቱ ቃል ገብቶ እንደነበር ለንጋትወርቅ ነገራት። ቅዳሜ ከሃፍሳ ጋር በሚኒባስ ወደ ሰመራ ወረዱ፤ እሷ ቃሏን ለመስጠት፣ እሱ ታጁን ለማየት። 

እስር ቤት ታጁ ከሽቦው ማዶ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ከስቷል። ከዚያ ሃፍሳን አያት።

«ለመሆኑ እናቱን ምን ብዬ ነው የሰደብኳት?» አለ።

ሃፍሳ ያንን የስድብ ወረቀት አርባ ጊዜ አንብባዋለች፤ በቃሏ ታውቀዋለች። አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል እንኳ አልወጣትም።