የተጋሩት ብልቃጥ

ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የኢድ ማግስት ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም።

እማማ አስካለች የዶሮ ቤቱን ሲከፍቱ አንድም ዶሮ አልወጣም። ሁሉም ወድቀዋል። ሁለቱ ብቻ አንገታቸው ተጣሞ ይንፈራገጣሉ።

የእማማ ባለቤት ካረፉ ወዲህ በዚያ የካ ሚካኤል ጓሮ ድምፅ የሚያሰሙት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታቸው የሸሪፍ ዶሮዎች ይጭራሉ። አንዷም አልታመመች።

ሳጅን ሐመልማል ረፋድ ላይ መጣች።

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ሸሪፍን። ዶሮዎቼ በአጥሩ ቀዳዳ እየገቡ ጎመኑን ሲጨርሱበት፣ ‹አንድ ቀን መርዝ ነው የማበላቸው› ብሎኛል።»

«ቀልዶ ይሆናል።»

«ታዲያ የሱ ለምን አልሞቱም?»

ሸሪፍ ተያዘ። በር ላይ ዞር አለ።

«እማማ፣ ትናንት ተምር የላክሁልዎት እኔ አይደለሁም?»

ፊታቸውን አዞሩ።

ሳጅኗ ከሁለቱም ግቢ ዶሮ ይዛ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ፀደንያ ሄደች። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ጠራቻት።

«መርዝ የለም። ፈንግል ነው። የሸሪፍ ዶሮዎች ደም በሽታውን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ክትባቱ አስተዋውቆታል። ስለዚህ ሲመጣ ተከላከለ። የእማማ ዶሮዎች ደም ግን ምንም አያውቅም።»

«ሸሪፍ እንደነገረኝ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ብልቃጥ ነው ያስከተቡት። ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ጎረቤት ይጋራዋል።»

«እንግዲያው ከታቢውን ጠይቂው። ክትባቱ ሕይወት አለው። አንዴ ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት እንኳ አይቆይም።»

ከታቢው ምንያህል ወደ እማማ አስካለች ግቢ ተጠራ።

«የሸሪፍን ስንት ሰዓት ከተብህ?»

«ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት።»

«የእማማንስ?»

ወደ ዶሮ ቤቱ ዞረ።

«ምንያህል!»

«ከዘጠኝ በኋላ።»

«እስከዚያ የት ነበርክ?»

እማማን አየ።

«እዚሁ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ‹ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አብረን እንበላለን› አሉኝ። መጀመሪያ ልከትብ ብላቸው፣ ‹ከከተብክ በኋላ ማን ይቆይልኛል?› አሉ።»

«ብልቃጡስ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«መበላሸቱን እያወቅህ የዶሮዎቹ ዐይን ላይ ጠብ አደረግህ?»

«ሽሯቸውን በልቼ፣ ተበላሸ ልበላቸው? አፈርኩ። ዘንድሮ ፈንግል ባይመጣ ማን ያውቃል ብዬ…»

እማማ አስካለች የዶሮ ቤቱን ደፍ ይዘው ተቀመጡ።

«የባሌን ወሬ እያወራሁለት ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ሸሪፍን አሁኑኑ ፍቺልኝ።»

ሳጅኗ ምንያህልን ይዛ ወጣች።

ሸሪፍ የዚያኑ ዕለት ተፈታ። በማግስቱ፣ ከእማማ በኩል የሚሾልክ ዶሮ ባይቀርም፣ የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈነው።