የጓንጉል ሰዓት

በጨረቃ ጀርባ ፀሐይ አንዴ ከወጣች ሁለት ሳምንት አትጠልቅም። እንዲያም ሆኖ የጣቢያው ሰዎች በየቀኑ «እንደምን አደራችሁ» ይባባላሉ፤ ያደረ ነገር ግን የለም። ጣቢያው በሰነድ ላይ ሁለት መስመር የሚፈጅ ስም አለው። ነዋሪዎቹ «ጓሮ» ነው የሚሉት። ምድር ከማትታይበት ከጨረቃ ኋላ የተሠራ ቤት ሌላ ስም የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም።

ጋሽ ጓንጉል ጓሮ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ሥራቸው ቁንጣሪ መልቀም ነው። ሩቅ ያለች ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ከኮከቡ ብርሃን ቁንጣሪ ጨው ያህል ይጎድላል፤ ቁንጣሪ የሚሉት ያንን ጉድለት ነው። ፕላኔቷን በዓይኑ ያየ የለም። ውጭ የተደረደሩት አርባ ቴሌስኮፖች አየር በሌለበት ሰማይ ፀሐይ ወጣች አልወጣች አርባ ኮከቦችን ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ጋሽ ጓንጉል ደግሞ ምስር እንደሚለቅም ሰው ቴሌስኮፖቹ የላኩትን በሚያሳየው ሰሌዳ ላይ አቀርቅረው እውነተኛውን ጉድለት ከአቧራው ይለያሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ታዲያ የጠፋ ነገር ለመፈለግ እዚያ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? እዚሁ ቤት መነጽርህን ፈልግ» ብለዋቸው ነበር አሉ።

ቴሌስኮፖቹ የሚልኩት ሰዓት ሲዛነፍ የሚያስተካክል ፕሮግራም አለ፤ ስሙ አቃኚ ነው። አቃኚ የመጣው በጋሽ ጓንጉል ሰበብ መሆኑን ጓሮ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ዋናው አውሪ ራሳቸው ናቸውና።

ነገሩ ከሃያ ዓመት በፊት የሆነ ነው። ያኔ ሰዓት የሚመዘገበው በእጅ ነበር። ሸማኔ ብለው የሰየሟት ኮከብ አለች፤ በዙሪያዋ የምትመላለሰውን ፕላኔት ደግሞ መወርወሪያ ይሏታል፤ በየአርባ አንድ ቀን ከጥቂት ሰዓቱ ሳታዛንፍ ታልፋለች። ጓንጉል ታዲያ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ስድስት ስድስት ሰዓት ቀድማ መጣች ብለው ጻፉ። የሚጎትታት ሌላ ትልቅ፣ ገና ያልታየች ፕላኔት አለች ሲሉም አስታወቁ። ወሬው ምድር ደረሰ፤ ሬዲዮ ላይም ወጣ። መርማሪዎች መጡና ነገሩን በግማሽ ቀን ጨረሱት። ሰነድ የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠር ሰዓት ነው፤ ሰውየው ግን በለመዱት በሐበሻ ሰዓት ጽፈዋል፤ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ልክ ስድስት ነው። ፕላኔት የለችም። ጓንጉል ይቅርታ ጠየቁ፤ አቃኚም ተሠራ። ከዚያ ወዲህ አቃኚ ስድስት ሰዓት የተዛነፈ ነገር ባየ ቁጥር ማን ጻፈው ሳይል ያቃናል። ስብሰባ ላይ የሚያረፍድ ሰውም «በጓንጉል ሰዓት ነው የመጣኸው?» ይባላል።

እሳቸው ቅር አይላቸውም። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ይናገሩና መጨረሻ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ቡናማ ማሰሪያ ያላትን የእጅ ሰዓታቸውን ያሳያሉ። «ይቺን እያየሁ ነው የጻፍኩት» ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሊገቡ አራት ቀን ሲቀራቸው አቃኚ ተበላሸ። የማሽን ባለሙያዋ ኑሪያ ዘግታው ጥገና ጀመረች። በዚያው ቀን መወርወሪያ በአሥራ ሰባት ሰዓት እንድታልፍ ትጠበቅ ነበር፤ በአሥራ አንድ ሰዓት አለፈች። ይህን የጻፈ የሰው እጅ የለም፤ ቴሌስኮፑ ራሱ ነው የመዘገበው። ጋሽ ጓንጉል ውኃ ጠጡና ተመልሰው አዩ። አሁንም አሥራ አንድ ነው።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። አቃኚ ሲጠገን አሥራ አንዱን አሥራ ሰባት ያደርገዋል፤ እሳቸውም ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ግን ያልታየችው ፕላኔት ኮከቧን ዞራ ለመመለስ ሃያ ዓመት የሚፈጅባት ከሆነ፣ መወርወሪያን የምትጎትታት በሃያ ዓመት አንዴ ብቻ ነው። እሳቸው ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ተናግረው ስህተት ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ሰው አንዷን ፕላኔት ሁለት ጊዜ ሳያገኛት ቀረ ሊባል ነው።

ለኑሪያ ሲነግሯት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊታቸውን አየችና ሳቋን ትታ የድሮውን ጥሬ መዝገብ፣ አቃኚ ሳይነካው በፊት የተጻፈውን፣ ከፈተች። መስመር በመስመር አነበበችው።

«ጋሽ ጓንጉል፣ በሐበሻ አሥራ አምስት ሰዓት የሚባለው በየት አገር ነው?»

«እንዴት?»

«ያኔ መወርወሪያ የምትጠበቀው በሃያ አንድ ሰዓት ነበር። እርስዎ የጻፉት አሥራ አምስት ነው። በሐበሻ ጽፈው ቢሆን ሃያ አንድ ማለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አይደል? ሦስት ነበር የሚሉት። የሐበሻ ሰዓት ከአሥራ ሁለት አያልፍም።»

ጋሽ ጓንጉል መዝገቡን አዩ። የራሳቸው ጽሕፈት ነው፤ አምስቷ ቁጥር እንደ ልማዷ ወደ ግራ ዘንበል ብላለች። መርማሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ልዩነቱ ስድስት መሆኑ ተነገራቸው፣ እነሱም ስድስት አገኙ፣ ጨረሱ። ጓሮ ውስጥ ግን ሠላሳ ሐበሻ ነበር። ሠላሳውም በሐበሻ ሰዓት የሚነሳ፣ የሚበላ፣ የሚተኛ ነው። ከሠላሳው አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ወደ ጣቢያው ኃላፊ ወደ ዶክተር ፈትለወርቅ ሄዱ። ከሃያ ዓመት በፊት ጀማሪ ሆና ስትመጣ ስለሚያውቋት አንቺ ነው የሚሏት። አቃኚ ሲጠገንም ሸማኔን እንዳይነካ፣ መወርወሪያ ተመልሳ እስክታልፍ አርባ አንድ ቀን እንዲተዋት ለመኗት። ፈትለወርቅ አልወደደችውም። ምድር ስትሰማ ምን እንደምትል አሰበች፤ ለእሳቸውም አሰበች፣ በክብር ሊሸኙ ነበር። የአሥራ አምስቷን ነገር ስትሰማ ግን ብዕሯን አስቀመጠች።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተከራከሩም?»

«ምን ብዬ? ይቺን ሰዓት እያየሁ ስጽፍ ትዝ ይለኛል እኮ» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ክንዳቸውን ዘርግተው።

ፈትለወርቅ ክንዳቸው ላይ ያለችውን ሰዓት አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጋሽዬ፣ እስቲ ያውልቁና ጀርባዋን ያንብቡት» አለቻቸው።

አወለቁ። ቆዳቸውን ሲነካ የኖረው ብረት ላይ በደቃቅ ፊደል «ከእንግዲህ እንዳይሳሳቱ፣ ከባልደረቦችዎ» ተጽፏል።

«መርማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ አዋጥተን የገዛንልዎት ነው» አለች። «ጽሑፉን ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ። ያኔ በጣም ያስቀን ነበር።»

አቃኚ ሸማኔን እንዲተዋት ፈቀደች። ጋሽ ጓንጉል ወደ ምድር በምትመለሰው መርከብ ሳይሄዱ ቀሩ፤ ቀጣይዋ የምትመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ለሚስታቸው ሦስት ወር እቆያለሁ ብለው ላኩ። ወይዘሮ ይመኙሻል «በየትኛው አቆጣጠር?» ብለው መለሱ።

በአርባ አንደኛው ቀን መወርወሪያ በሃያ ሰዓት ትጠበቅ ነበር። በአሥራ አራት ሰዓት አለፈች። ሰሌዳው ፊት የቆሙት ሰዎች አላጨበጨቡም፤ እርስ በርስም አልተያዩም። አንዱ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ በጓንጉል ሰዓት ሲቀልድ የኖረ ሰው፣ ለጋሽ ጓንጉል ወንበር አቀረበላቸው።

ከዚያ በኋላ ኑሪያ አቃኚን አስተማረችው። የተዛነፈ ሰዓት ሲያይ ከማቃናቱ በፊት ማን እንደጻፈው እንዲጠይቅ አደረገችው፤ ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀባት። አቃኚ በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ስድስት ሰዓት እንዳቃናም ቆጠረች። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሆኑ። በእጅ መጻፍ ከቀረ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። አሁን አንድ በአንድ እየከፈቱ ያዩአቸዋል።

ጋሽ ጓንጉል አዲሷን ፕላኔት የሚያስመዘግበውን ቅጽ ሞሉ። የታወቀችበት ሰዓት የሚለው ጋ ሲደርሱ ጥቂት አሰቡና፣ ሆን ብለው፣ «ስምንት» ብለው ጻፉ። አቃኚ ቆመ። «ይህን ሰዓት የጻፈው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። «ጓንጉል» ብለው ሞሉ። አቃኚም ስምንቱን አሥራ አራት አደረገው፤ በዚህኛው ትክክል ነበር።

የእጅ ሰዓቷን መልሰው አስረዋታል። ያኔ እንዳልነበረቻቸው ያውቃሉ፤ ጀርባዋ ላይ ያለውንም በቃላቸው ይዘውታል። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግን እስከ ዛሬ ይታያቸዋል፤ ወጣት ናቸው፣ መዝገቡ ፊታቸው ተዘርግቷል፣ ቡናማ ማሰሪያ ያላትን ሰዓት አየት ያደርጉና ይጽፋሉ።