ከፍሪጁ የጠፋው ዘር

«ነገ እንዘራዋለን» አለ አጎቷ የሥራ ጫማውን እያወለቀ። «ስድስት ሳምንቱ ሞላ። ለመብቀል ይህን ያህል ቅዝቃዜ ይበቃዋል።»

ልጅቷ የምታጥበው ብርጭቆ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። የኮሎምባይን አበባው ዘር በእርጥብ ሶፍት ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከእንቁላሉ ጀርባ ነበር የተቀመጠው። ሐሙስ ዕለት ፍሪጁን ስታጸዳ ግን የበሰበሰ ነገር መስሏት ከሻገተው ቲማቲም ጋር ጥላዋለች። ዘር እንደነበረ የገባት ገና አሁን ነው። ቆሻሻውን ደግሞ መኪናው ትናንት ወስዶታል። አጎቷ «ጥድፊያ» የሚላት ያለ ምክንያት አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይቺ ግን የምትለቅመው እንኳ የላትም።

«ምን ሆንሽ?»

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ።»

አጎቷ በያጅ ነው። ከመስኮቱ ሥር በትርፍራፊ ብረት ያጠራት፣ ሁለት እርምጃ የማትሞላ የአበባ ቦታ አለችው። ዓምና እዚያ ከስንዝር ብዙ የማይበልጡ ድንክ ኮሎምባይኖች አንገታቸውን ደፍተው አብበው ነበር። ቀለም ቀቢዎች ኖራ ደፍተውባቸው ደረቁ። የተረፈው አጎቷ ቀድሞ የለቀመው ዘር ብቻ ነበር። ቀቢዎቹን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰላም ብሏቸው አያውቅም።

ልጅቷን የሚያስፈራት ይኸው ዝምታው ነው። የሚጮህ ሰው ጮሆ ይወጣለታል። እሱ ግን ዝም ብሎ ሰንብቶ አንድ ቀን «እናትሽ ጋ ብትመለሺ ይሻላል» ቢላትስ? ትምህርቷን የምትማረው እሱ ቤት ተጠግታ ነው።

መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ለጓደኛዋ ደወለች። ለሁሉም ነገር ሰበብ ስለማታጣ ክፍል ውስጥ «ጠበቃዋ» ይሏታል።

«አታካብጂ» አለች ጠበቃዋ። «ዘሩ ምን ይመስላል?»

«ጥቁር ነው። ደቃቅ። ያብረቀርቃል። ዓምና ሲለቅመው አይቼዋለሁ።»

«ጥቁር አዝሙድ የላችሁም?»

የጥቁር አዝሙዱ ዕቃ ከምድጃው በላይ መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ሶፍት አርጥቢና ጠቅልዪው። ዓይኑን ብየዳ የጨረሰው ሰው በምን ይነቃል? ካልበቀለም ዘር አይደል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ፈታ በይ።»

እንደተባለችው አደረገች። ፈታ ማለቱ ግን አልሆነላትም።

እሑድ ጠዋት አጎቷ ጓሉን በጣቶቹ እያደቀቀ አፈሩን አስተካከለ። እሽጉን ራሱ ከፍሪጅ አምጥቶ ሰጣት።

«አንቺ ዝሪው። የእኔ ጣት ወፍራም ነው፣ ሦስቱን አንድ ቦታ ይጥላል።»

ሶፍቱን ስትፈታው ሽታው አፍንጫዋን መታት። ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይላል። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጠጠር እየለቀመ ነበር።

«አፈር እንዳታለብሺው። ብርሃን ካላየ አይወጣም። እስኪወጣ አንድ ወር ይፈጃል፤ የሚዘገየው ከዚያም በላይ።»

«አንድ ወር?»

«አበባውማ ለከርሞ ነው። ምን ያስቸኩልሻል፣ ጥድፊያ? ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄድሽ በፊት አብረን እናየዋለን።»

አብረን ማለቱ አንጀቷን በላው። ነገ ጠዋት ጎንበስ ሲል ታያት። «ዛሬም የለም» ይላል። እሷ አጠገቡ ቆማ «ነገ ይወጣ ይሆናል» ትላለች። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ዛሬ ከዘራችው ፍርሃቱ የሚያልቅላት መስሏት ነበር፤ ለካ ገና መጀመሩ ነው።

«በይ እንጂ» አለ ቀና ሳይል። ክዳኑ በሚስማር የተበሳ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ይጠብቃታል።

አጠገቡ ተንበረከከች። ሁለት ሦስት ፍሬ አፈሩ ላይ ወደቀ። የቀረውን ጨብጣ ወደ ፊቱ አስጠጋችና መዳፏን ዘረጋች።

«ጋሼ» አለች፣ «እስኪ አሽትተው።»